ጋሼ ያነጣው ውሃ

ታላቅ ወንድሜ በሕይወቱ ተሳስቶ አያውቅም፤ ይህን የሚለው ግን ራሱ ነው። ማቅለሚያ ቤታችን የክር ቀለም እጣቢውን ሃያ ዓመት ሙሉ ወደ ወንዙ ለቀቀ። ከቦያችን በታች ዓሣው አለቀ፤ እንቁራሪት እንኳ ጠፋ። ጋሼ ግን "ጸጥታ ፈልገው ሄደው ነው" ብሎ ወሬውን ዘጋው። እኔ ታናሽ እህቱ ነኝ። የእጣቢ ማጣሪያ ሥራ የጀመርኩት ተምሬ ብቻ ሳይሆን በእልህም ጭምር ነው።

ባለፈው ወር የውሃ ተቆጣጣሪዋ መጥታ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ሰጠችን። ቁጥብ ሴት ናት፤ ከአፏ ቃል የሚወጣው ተለምና ነው። ከማጣሪያችን በሚወጣው ውሃ ውስጥ አሥር ዓሦች አራት ቀን ከኖሩ ሥራችን ይቀጥላል፤ ከሞቱ ማቅለሚያ ቤቱ ይዘጋል። የአሥራ አራት ሠራተኛና የእኛ ኑሮ ጣት በሚያካክሉ ዓሦች ላይ ወደቀ።

እኔ ግን በማጣሪያዬ እተማመን ነበር። በመጀመሪያው ገንዳ ኖራ እየጨመርኩ ዝቃጩን አስቀራለሁ። በሁለተኛው አየር እየነፋሁ ቀለም የሚበሉ፣ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን አረባለሁ። ጋሼ "ታይተው የማያውቁ ሠራተኞችሽ" ይላቸዋል። በሦስተኛው ውሃው በአሸዋና በከሰል አልፎ ዓሦቹ ወዳሉበት የመስታወት ገንዳ ይወርዳል። መርዙ ወጥቶለታል። የቀረበት ነገር ቢኖር ስስ ሮዝ መልኩ ነው።

ዓሦቹ በገቡ በሦስተኛው ቀን ጋሼ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ገንዳውን ዞረው።

"ይሄን ነው ለመንግሥት ሰው የምታሳዪው?"

"ጋሼ፣ ውሃውን ተወውና ዓሦቹን እያቸው። አንድም አልሞተም።"

"አለመሞትማ እኔም አልሞትኩም። ሰው ፊት ስቀርብ ግን እታጠባለሁ።"

በማግስቱ ጠዋት ስገባ ውሃው ኩልል ብሏል። ለአፍታ ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ከዚያ ሽታው አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ። ሦስት ዓሦች ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈዋል፤ የቀሩት ከላይ ሆነው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ጋሼ በሩ ላይ ቆሞ ፈገግ ብሏል። ጥቁር ሱሪው ከጉልበቱ በታች ነጭ በነጭ ተዥጎርጉሯል።

"ምን ጨመርክበት?"

"ምንም።"

"ሱሪህስ?"

ጎንበስ ብሎ አየው። "ትንሽ በረኪና ናት። ግማሽ ጀሪካን ብትሆን ነው።"

ከሦስተኛው ገንዳ ሮዙን ውሃ በባልዲ ቀድቼ ዓሦቹን በእጄ እያፈስኩ ወደ ባልዲው አዛወርኳቸው። የተረፉት አራት ብቻ ናቸው። አፌ ያመጣልኝን ሁሉ አወረድኩበት።

"ሃያ ዓመት ጨርቅ ስናነጣበት ማን ሞተ?" አለ ቅር ብሎት።

"ጨርቅ አይተነፍስም እኮ!"

ይህን ስጮህ ለካ ተቆጣጣሪዋ ከኋላዬ ቆማለች። ኩልል ባለው ውሃ ውስጥ ስድስት የሞቱ፣ በሮዙ ባልዲ አራት የሚዋኙ ዓሦች አየች።

"የእናንተ ውሃ የትኛው ነው?"

ጋሼ ዝም ቢል ዓሦቹን የገደለው ማጣሪያዬ ሊሆን ነው። የወንድሜን ጥፋት አፍ አውጥቼ መናገርም አቃተኝ። እሱ ሱሪውን በመዳፉ ሲያሽ ቆየ።

"ሮዙ ነው" አለ። "እሱ የእህቴ ሥራ ነው። ያኛውን በበረኪና ያነጣሁት እኔ ነኝ። ዓሦቹንም የገደልኳቸው እኔ ነኝ።"

ባልዲው ከእጄ ሊያመልጥ ምንም አልቀረውም።

ተቆጣጣሪዋ ከንፈሯን ነከሰች፤ ሳቋን እንደያዘች ገባኝ። "አዲስ አሥር ዓሦች ይግቡ። አራት ቀኑ ከዛሬ ይቆጠራል። እርስዎ ግን ከገንዳው አሥር እርምጃ ይራቁ።"

ጋሼ አሥሩን እርምጃ ራሱ ለክቶ ወንበር አስቀመጠ። አራት ቀን እዚያ ተጎልቶ "ስንት ናቸው?" እያለ ነፍሴን አወጣት። "አሥር" ስለው "እስቲ ድገሚው" ይላል። ሠራተኞቹ ሲያልፉ ድምፃቸውን እንዲቀንሱ በምልክት ይለምናቸው ነበር።

በአራተኛው ቀን ተቆጣጣሪዋ ቆጠረች፤ አሥሩም በሕይወት አሉ። ፈቃዱን አውጥታ መጻፍ ጀመረች።

"የውሃው ኃላፊ ማን ተብሎ ይመዝገብ?"

በዚያ ግቢ ውስጥ የጋሼ ስም ያልተጻፈበት ነገር የለም፤ መጥረጊያው ላይ ሳይቀር አለ። ስለዚህ ቀና ብዬ እንኳ አላየሁም።

"የእህቴን ጻፊው" አለ።

"ነገ ዓሣ ቢሞት የምትጠየቀው እሷ ናት።"

"እሷ እያለች አይሞትም።"

እንባዬ መጣ። እስክሪብቶውን ተቀብዬ ፈረምኩ።