ሁለት የግራ ቦቲ

ለሚመለከተው ሁሉ ይታወቅ ዘንድ፦ ቅዳሜ ሚያዝያ 4 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ ኬንያውያን 2008 ብለው በሚቆጥሩት ዓመት፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ በናይሮቢ የሀብታም ሰፈር በሩንዳ በሚገኝ አንድ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት ቅጥር ግቢ ቁጥር አርባ ሁለት የጎማ ቦቲ አልቋል። ጉዳዩን ሁለት መምህራንና አንዲት ነርስ ቆመው ከመረመሩት በኋላ፣ ከዕቃ ቤቱ ጥግ የተገኘው የመጨረሻ ጥንድ ለልውውጥ ተማሪው ለሕዝቅያስ ታመነ እንዲሰጥ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ሁለቱም የግራ ነበሩ።

«ኦ ማይ ጋድ፣ ሕዝቂ! ሁለቱም ሌፍት ናቸው!» አለች ቤቲ ከአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ሆና። ቤቲ ሕዝቅያስን የተቀበለው ቤት ልጅ ናት። «ፖሌ ሳና፣ አይዞህ! ግን ለአንተ ምን አላት? አሥራ አንድ ቀን ጫካ ለጫካ የሄድክ ሰውዬ እኮ ነህ።»

ሕዝቅያስ ሳቀ። ሩንዳ ከገባ ወዲህ በራሱ ላይ ከሌሎቹ ቀድሞ መሳቅን ተምሯል።

ልውውጥ የተባለው ነገር ሲብራራ እንዲህ ነው። ሩንዳ ያለው ባለ መዋኛ ገንዳ ትምህርት ቤትና ስደተኛ በሚበዛበት በኢስትሊ ሰፈር ያለው ባለ ቆርቆሮ ትምህርት ቤት ለአንድ ተርም ተማሪ ሊለዋወጡ ተፈራረሙ። ከኢስትሊ ሕዝቅያስ ሄደ። ከሩንዳ አንድ ካርቶን አሮጌ መጽሐፍ መጣ። ሁለቱም ወገኖች በልውውጡ መርካታቸውን ገለጹ።

የዚያ ቅዳሜ የዝናብ ደን ጉዞም ከዚህ ብዙ አይርቅም። መጀመሪያ የታሰበው ከናይሮቢ የአንድ ቀን መንገድ ወደሚርቀው ወደ ካካሜጋ ደን ነበር። ከምርጫው ሁከት ወዲህ ግን ኤምባሲዎቹ በዚያ መንገድ ልጅ አይሂድ አሉ። ጉዞውን የምትመራው ሚስ ሀሪየት «የዝናብ ደን» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ሃያ ሁለት ቲሸርት አሳትማ ጨርሳ ስለነበር፣ ቲሸርቱን ከምትቀይር ደኑን ቀየረችው። የተተካው የካሩራ ደን ዛፎች ከትምህርት ቤቱ ፎቅ ላይ ይታያሉ። አውቶቡሱ ጉዞው ጉዞ እንዲመስል መጀመሪያ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄዶ ዞረ። ጠመንጃ የያዙ ሁለት የደን ጠባቂዎች ከፊት ተሰለፉ። ያን ቀን ዝናብ ይዘንብ ስለነበር ማንም ውሸት ነው ሊል አልቻለም።

ሕዝቅያስ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። ተወልዶ ያደገው ኢስትሊ ሲሆን፣ ያን ተርም እስኪያገኝ ድረስ ረጅሙ ጉዞው በስድስት ቁጥር ማታቱ ታክሲ እስከ መሀል ከተማ ነበር። እናቱ አያልነሽ አንድ ሰው ከዚያ ሰፈር ወጥቶ ሲያልፍለት የምታየው በሌሎች ሰዎች ልጆች ላይ ነው። አሁን ግን ሰኞ ሚስ ሀሪየት አንድ ደብዳቤ ከፈረመች፣ ሕዝቅያስ ቀሪውን ሁለት ዓመት እዚያው ሩንዳ በነፃ ይማራል፤ ካልፈረመች አርብ ሻንጣውን ይዞ ወደ ቆርቆሮው ይመለሳል።

እዚህ ያደረሰው አንድ ድርሰት ነበር። የልውውጡ ውድድር «ሕይወቴን የለወጠው ጉዞ» ብላችሁ ጻፉ አለ፤ በስድስት ቁጥር ማታቱ ደግሞ ማንም ሕይወቱ ተለውጦ አያውቅም። ጋሽ ወርቁ ግን ተጉዘዋል። ጋሽ ወርቁ ከነ ሕዝቅያስ ግቢ በር ላይ ጫማ የሚሰፉ ሰው ናቸው። ከባሌ ደን ተነሥተው ከታናሽ ወንድማቸው ከመኳንንት ጋር አሥራ አንድ ቀን በእግራቸው ሄደው፣ ድንበሩን ብቻቸውን ተሻግረዋል።

ኢስትሊ ውስጥ ኬዝ፣ ለስደተኞች ቢሮ የሚነገረው የስደት ታሪክ፣ ይጠናል። ሐሰተኛ ኬዝ ያለው እንዳይሳሳት ያጠናል፤ እውነተኛ ኬዝ ያለው ደግሞ ከእሱ የባሰ ያጠናል፤ ምክንያቱም እውነት ሲነገር ይንተባተባል፤ የተንተባተበ ደግሞ ይወድቃል። ጋሽ ወርቁ አንድ ጊዜ ተንተባትበው ወድቀዋል። ለሁለተኛው ቃለ መጠይቅ ሲዘጋጁ እንግሊዝኛ የሚችለውን የጎረቤት ልጅ ኦፊሰር አደረጉት። ሕዝቅያስ የትምህርት ቤት ክራቫቱን አጥብቆ፣ የተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ይጠይቃል። ስንት ቀን ሄድክ? ምን በላችሁ? ወንድምህን ለምን ትተኸው ሄድክ? ሕጉን ያወጡት ራሳቸው ጋሽ ወርቁ ነበሩ፦ ጥያቄ አይታለፍም፤ ዝም ያለ ወደቀ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲጠያየቁ ሕዝቅያስ ጉዞውን በቃሉ ያዘው። ድርሰቱን የጻፈው በአንድ ምሽት ነው፤ «እሳቸው» የሚለውን ሁሉ «እኔ» ብሎ።

ድርሰቱ አንደኛ ወጣ፤ በትምህርት ቤቱ መጽሔት ላይ ከፎቶግራፉ ጋር ታተመ። የሩንዳን መጽሔት ኢስትሊ ውስጥ ማንም አያነበውም ሲል ራሱን አጽናና። ይህ ስሌቱ ትክክል ነበር። የስደተኞች ቢሮ ያለባትን ጊጊሪን ግን ረስቷታል።

የደኑ መንገድ ጭቃ ነው። ሕዝቅያስ ቀኝ እግሩ ወደ ግራ መሄድ ስለፈለገ በየአሥር እርምጃው ከመስመር ይወጣል። ትንሹ ጣቱ ተልጧል። እንዳያነክስ ጥርሱን ነከሰ፤ አሥራ አንድ ቀን የሄደ ሰው በአርባ ደቂቃ አያነክስም።

«ሕዝቅያስ!» አለች ሚስ ሀሪየት ቆም ብላ፤ ሃያ ሁለቱም አብረዋት ቆሙ። «ያ ቀቅላችሁ የበላችሁት ቅጠል፣ እዚህ ይኖር ይሆን? ልታሳየን ትችላለህ?»

ጋሽ ወርቁ ሁልጊዜ «ሳማ» ነበር የሚሉት። ሕዝቅያስ የሳማን እንግሊዝኛ ስላላወቀው «ቅጠል» ብሎ አልፎታል፤ ሳማንም ራሱን አይቶት አያውቅም። ዙሪያውን ተመለከተ። ከመንገዱ ዳር፣ ከሁሉም ይልቅ ለስላሳና ለምለም የመሰለውን፣ ጫፉ የተሰነጣጠቀውን መርጦ ሙሉ እፍኝ ጨብጦ ቀነጠሰ።

«ይሄ ነው» አለ።

እጁ ነደደ። የእጁ መዳፍ፣ በጣቶቹ መካከል ያለው ቆዳ፣ እስከ አንጓው ድረስ። ካሜራዎቹ ተነሡ። ቅጠሉን ከፍ አድርጎ ያዘ፤ ከንፈሩ ላይ ያለው ፈገግታ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

«ሳማ እኮ ነው!» አለች ሚስ ሀሪየት በእንግሊዝኛ፣ ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ። «ሲቀቀል ይበላል! ደግሞ እዩት፣ ምንም አይሰማውም። እጁ ለምዶታል። አስተውሉ፣ ልጆች፤ መከራ ቆዳን እንዲህ ያደርጋል።»

ልጆቹ አስተዋሉ። አንዱ ፎቶግራፍ ደገመ፤ «ትንሽ ከፍ አድርገው» ብሎ።

ከኋላ አንዲት ሴት ጃንጥላዋን አጥፋ ቀረበች። የቤቲ እናት ወይዘሮ የውብዳር በወላጅ ተወካይነት ነበር የመጣችው። ጊጊሪ ውስጥ የስደተኞችን ጉዳይ በሚያይ ቢሮ አስተርጓሚ ናት፤ ቤቷ የገባ ወጣት ሁሉ «አንቲ ውቢ» እንዲላት ትፈልጋለች። ያደገችው ግን ሳማ በአጥሩ ሁሉ የሚበቅልበት ገጠር ነው።

«ጣለው» አለችው ቀስ ብላ፣ በአማርኛ።

«ምን አሉኝ?»

«ጣለው አልኩህ። እጅህን አምጣ።»

መዳፉ በነጫጭ እብጠት ተሞልቷል። ወይዘሮ የውብዳር እጁን ለረጅም ጊዜ አየች። ሌሎቹ ወደፊት ሄዱ፤ የቤቲ ሳቅ ከዛፎቹ ወዲያ ይሰማል።

«ሳማ የበላ ሰው፣ ሳማ በባዶ እጁ ይይዛል?»

ሕዝቅያስ እጁን ሊስብ ሞከረ።

«የአገር ልጅ ይቅርና የአገር ፍየል እንኳ አታደርገውም።» እጁን ለቀቀችው። ጥቂት ከተራመዱ በኋላ እንደ መሳቅ አደረጋት። «ይሄን ለማንም መናገር አይፈቀድልኝም፣ ሚስጥር ነው። ማክሰኞ አንድ ሰውዬ ቀርቦ ነበር። ጫማ ሰፊ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ አወቅሁት። አሥራ አንድ ቀን፣ ቅጠሉ፣ ዛፍ ሥር የቀረው ወንድም። የአንተን ድርሰት እኮ ለእንግዳ ሁሉ አንብቤዋለሁ! ለኦፊሰሩ፣ ይሄ ሰው ከልጄ ትምህርት ቤት መጽሔት ሰርቆ ነው አልኩት። መጽሔቱን ከመኪናዬ ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

የሕዝቅያስ ሁለት የግራ ቦቲዎች ቆሙ።

«እሳቸው ምን አሉ?»

«ምን ይላል! ፎቶህን አየ። ብዙ ቆየ። ከዚያ መጽሔቱን አጥፎ መለሰልን። ኦፊሰሩ ከየት አመጣኸው ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀው። ዝም። እኔማ ጥፋቱን አመነ ብዬ ተረጎምኩት።»

«ዝምታውን?»

«አዎ፣ ዝምታውን። ሥራዬ ነው።» ይህን ስትል ፊቷ ትንሽ ገረጣ።

«አንቲ ውቢ፣ ተሳስተናል ይበሏቸው። የእሳቸው ነው። ሁሉም የእሳቸው ነው።»

«ስማኝ» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ የቢሮ ድምፅ ነበር። «ሁለተኛው ቃለ መጠይቁ ነው፣ ከእንግዲህ ይግባኝ የለውም። እኔ ብናገር እኔ እጠየቃለሁ። አንተ ብትናገር ደብዳቤህ ይቀራል። የሰውዬው ፋይል ግን እንደተዘጋ ነው። ታዲያ ለማን ብለህ? እናትህን አስብ እንጂ።»

ከቦርሳዋ አንድ ብስኩት አወጣች። ዐቢይ ጾም ነው፤ መነጽሯን አድርጋ ከማሸጊያው ጀርባ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች፣ አንድም ቃል ሳትዘል አነበበች።

«የወተት ዱቄት አለበት» አለችና መልሳ ከተተችው።

ምሳ ከወንዙ ዳር ነበር። ሚስ ሀሪየት ልጆቹን በክብ አስቀምጣ፣ እውነተኛ ጫካ ውስጥ ሆነን እንስማው አለች። ሕዝቅያስ ተነሣ። ወይዘሮ የውብዳርን አየ፤ እሷ ጃንጥላዋን እያራገፈች ነበር። ይህ ታሪክ የእኔ አይደለም የሚለው ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ አምስት ቃል ብቻ ነው። ቆጠራቸው። ከዚያ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን የመጀመሪያው ቀን ነበር።

እንደዚያ አሳምሮ ተናግሮት አያውቅም። ጋሽ ወርቁ በሚንተባተቡበት ቦታ እሱም ተንተባተበ፤ ሩንዳ ውስጥ መንተባተብ ያምራል። የሚነደውን እጁን ደረቱ ላይ አደረገው። ሲጨርስ አንድ ልጅ ሳንድዊቹን እያላመጠ ጠየቀ፦

«ወንድምህን ለምን ትተኸው ሄድክ?»

«ሂድ ስላለኝ» አለ ሕዝቅያስ ወዲያው። ጥያቄ አይታለፍም።

አጨበጨቡ። ሚስ ሀሪየት ዓይኗን በቲሸርቷ ጫፍ ጠረገች፤ «ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያ ሥራዬ ያ ደብዳቤ ነው» አለች።

«ሚስን አስለቀስካት እኮ!» አለች ቤቲ በክርኗ ጎሸም አድርጋው። «ሲሪየስሊ፣ ኦስካር ይገባሃል።»

አውቶቡሱ ሲሞላ ሕዝቅያስ አልገባም። ጫማውን እንኳ ከዕቃ መጫኛው አላወጣም። በሁለት የግራ ቦቲ ዋናው መንገድ ድረስ ሄደና ማታቱ ያዘ፤ ከተማ ላይ ወርዶ ስድስት ቁጥርን ያዘ። ኮንዳው፣ የታክሲው ረዳት፣ እግሩን አይቶ ለሾፌሩ በስዋሂሊ የሆነ ነገር ነገረው፤ መኪናው ሙሉ ሰው ሳቀ።

ኢስትሊ ሲደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር። ዝናቡ አባርቶ መንገዱ ኩሬ ሠርቷል። ጋሽ ወርቁ እንደ ሁልጊዜው በሩ ላይ፣ የሴት ጫማ በጉልበታቸው መካከል አጣብቀው ተረከዝ ይመታሉ። ቀና አላሉም። የጫማ ሰፊ ዓይን ከሰው ላይ መጀመሪያ የሚያርፈው እግር ላይ ነው።

«ሁለቱም የግራ ናቸው» አሉ።

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

«አውልቅ። እግርህ ደምቷል።»

የለስላሳው ሳጥን እዚያው ተገልብጦ ተቀምጧል። ሕዝቅያስ ተቀመጠበትና በአንድ እጁ ቦቲውን ለመሳብ ታገለ። ያኔ ነው ሌላኛውን እጁን ያዩት። መዶሻቸው ለአፍታ ቆመ።

«ሳማ።»

«አላወቅሁትም ነበር።»

«አታውቀውም» አሉ፤ መዶሻው ቀጠለ።

መንገድ ላይ ሲለማመድ የመጣው ብዙ ነገር ነበር። እመታለሁም እሰደባለሁም ብሎ ተዘጋጅቷል፤ ከዚያ የሚመጣውን ይቅርታ ሳይቀር አስቦታል። ለመዶሻ ድምፅ ግን አልተዘጋጀም።

«ሰኞ እሄዳለሁ» አለ። «ቢሮው ድረስ። ታሪኩ የጋሽ ወርቁ ነው እላለሁ። ሁሉንም እናገራለሁ።»

«ሰኞ ትምህርት አለህ።»

«ጋሼ፣ ማክሰኞ... ፎቶዬን አይተዋል። ይሄ ልጅ የእኔን ነው የወሰደው ማለት ይችሉ ነበር። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ሦስት ጊዜ ጠይቀዎታል!»

ጋሽ ወርቁ ሦስት ምስማር ከከንፈራቸው አወጡ፤ አንድ በአንድ ተረከዙ ላይ መቷቸው። ጫማውን አገላብጠው አዩትና አጠገባቸው አስቀመጡት። ቦቲዎቹን አንሥተው ጎን ለጎን አደረጓቸው፤ ሁለቱም ወደ አንድ በኩል ዞረው ቆሙ።

«ለምን ዝም አሉ?» አለ ሕዝቅያስ። ድምፁ ሳያስበው የኦፊሰር ድምፅ ሆኖ ወጣ።

ጋሽ ወርቁ ያን ጊዜ ብቻ ቀና ብለው አዩት።

«አላስረዳም» አሉና የሚቀጥለውን ጫማ አነሡ።