ሰማያዊው ኩባያ

ቶርዲስ መጀመሪያ የተናደደችው በካሜራ ባለሙያው በሼቲል ነው። «ዛሬስ አልምረውም» አለች ለብቻዋ፣ ወንበሯን ወደ ስክሪኑ እየሳበች። ነገ ሐሙስ ነው፤ ዝግጅቱ ነገ ማታ ይተላለፋል፤ እሷ ደግሞ ገና ከመጀመሪያው ትዕይንት አልወጣችም።

ሥራዋ የቪዲዮ ቀለም ማረም ነው። የተቀረጸ ነገር እንደ መብራቱ ዓይነት ወይ ወደ ቢጫ ያደላል፣ ወይ ወደ ሰማያዊ። እሷ ከምስሉ ውስጥ ነጭ መሆኑን የምታውቀውን አንድ ነገር ትመርጥና፣ እሱ በትክክል ነጭ እስኪሆን ድረስ የተረፈውን ቀለም ትቀንሳለች። ነጩ ከተስተካከለ ሌላው ቀለም ሁሉ ተከትሎት ቦታ ቦታውን ይይዛል። በሰሜን ኖርዌይ ባለችው በትሮምሶ ከተማ ይህ ሥራ በክረምት ይበረታል። ከኅዳር ጀምሮ እስከ ጥር አጋማሽ ፀሐይ ብቅ ስለማትል ሰው የሚበላውም፣ የሚሠራውም፣ የሚቀረጸውም በመብራት ነው። ሰዉም ለምዶታል። ሁለት ወር ሙሉ በቀን ብርሃን ሳይተያዩ መክረም ለነዚህ ሰዎች ምንም አይደለም።

የምታርመው ዝግጅት የከተማው ቴሌቪዥን በየሐሙሱ የሚያሳየው የሩብ ሰዓት ፊልም ነው። አንድ ሽማግሌ በመላጊያና በመጋዝ ብቻ የእንጨት ጀልባ ይሠራል፣ ሕዝቡ ቁጭ ብሎ ያያል፤ ሌላ ነገር የለውም። ሽማግሌው አርንልዮት የሚባል የስድሳ ስምንት ዓመት ሰው ሲሆን፣ የቶርዲስ አባት ነው። እናቷ ከሞተች አራት ዓመቷ ነው። ከዚያ ወዲህ አርንልዮት ከድልድዩ ማዶ፣ ክቫሎያ ደሴት ላይ ከጀልባው ቤት አጠገብ ብቻውን ይኖራል።

ዛሬ ያስቸገራት አንድ ኩባያ ነበር። አባቷ የሚሠራበት ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ነጭ የሸክላ ኩባያ ተቀምጧል፤ ራሷ የገዛችለት ስለሆነ ነጭነቱን ታውቃለች። እንደ ወትሮዋ የአባቷን ፊት አስተካክላ ስትጨርስ ኩባያው ሰማያዊ ሆነ። ኩባያውን ነጭ ስታደርገው ደግሞ አባቷ ቢጫ ሆነ። ሦስት ጊዜ ሞከረች፣ ሦስቱንም ጊዜ ያው ነው።

ስልኩን አነሳች።

«አንተ ሰውዬ፣ ዓይንህን ሐኪም አይቶልህ ያውቃል?»

«ደህና አደርክ ማለት ቀረ?» አለ ሼቲል፤ አፉ ውስጥ ምግብ አለ።

«ማደሩን ተወው። ቀረጻህ ቢጫ ነው። ያለፈውም ቢጫ ነበር፣ ዝም ብዬ አረምኩልህ። ያንተን ጥፋት ስጠርግ ዕድሜዬ አለቀ እኮ!»

«የኔ ካሜራ? ሂጂ ወዲያ! በምን ለክተሽ ነው ቢጫ ያልሽው?»

«በአባቴ ዓይን። በዓይኑ ነጩ ክፍል።»

ሼቲል ማላመጡን አቆመ። «በሰው ዓይን ትለኪያለሽ? አስተማሪሽ ቢሰማ ራሱን ይስታል።»

«የአባቴን ዓይን ከተወለድኩ ጀምሮ ነው የማውቀው። ከሱ የበለጠ ነጭ ከየት አመጣለሁ? ደግሞ ጊዜ የለኝም።»

«ካርዱስ?»

«የቱ ካርድ?»

«ወይ ጉድ! ሁልጊዜ ቀረጻ ስጀምር ከአባትሽ ፊት አጠገብ ነጭ ካርድ ይዤ የምቆመው ለፎቶ መሰለሽ እንዴ? ጣቴ በብርድ እየተቆረጠ!»

ቶርዲስ ካርዱን አይታው አታውቅም። የየቀኑን ቀረጻ መጀመሪያ ምንም ሳታየው እየቆረጠች ነበር የምትጥለው።

«እይውና መልሰሽ ደውዪ» አለ ሼቲል፤ «ጥፋቱ የኔ ከሆነ ምሳ እጋብዝሻለሁ። ያንቺ ከሆነ ግን ውድ ቦታ ነው የምመርጠው።»

የጣለችውን ፈልጋ ከፈተችው። ምንም አልነካችም፤ እንደተቀረጸ ተወችው። ካርዱ ነጭ ነው። በመለኪያው ላይ አየችው፤ ወደ ቢጫም ወደ ሰማያዊም አንዲት ነጥብ አላደላም። ከካርዱ አጠገብ የአባቷ ፊት አለ። ፊቱ ቢጫ ነው፣ ዓይኑም ቢጫ ነው።

ክው አለች።

ከዚያ ሰው ሲፈራ እንደሚያደርገው ሰበብ መፈለግ ጀመረች። አዲስ የተላገ የጥድ ሳንቃ ይሆናል፣ አለች። ጥድ ቢጫ ነው፤ መብራት ሲያርፍበት ቢጫውን መልሶ ፊት ላይ ይረጨዋል፤ ይህ በሥራዋ ያየችው ነገር ነው። ሐሳቡ ለጥቂት ሰከንድ አሳረፋት። ካርዱን የያዘችው የሼቲል እጅ ግን እዚያው ከአባቷ ጉንጭ አንድ ስንዝር ርቃ ትታያለች፤ በዚያው መብራት፣ በዚያው ሳንቃ አጠገብ። የሼቲል እጅ በብርድ ቀልታለች እንጂ ቢጫ አይደለችም።

የቀደሙትን ሳምንታት አንድ በአንድ ከፈተች፤ በየአንዳንዱ ላይ ያደረገችውን እርማት እያነሳች። ባለፈው ሳምንት ያው ቢጫ ነው፣ ትንሽ ቀለል ያለ። የገና ሰሞን ዓይኑ እንደቆየ ወረቀት ነው። ወደኋላ ሄደች፣ ሄደች፣ ከአምስት ዝግጅት በፊት አባቷ እንደ ማንም ሰው ነበር። በእያንዳንዱ ሳምንት ምን ያህል ቢጫ እንደቀነሰች ማሽኑ ቁጥሩን መዝግቦ ይዟል፤ ቁጥሩ በየሳምንቱ ከፍ ብሏል። በየሳምንቱ ሼቲልን እየረገመች፣ በገዛ እጇ በሽታውን ከአባቷ ፊት ስትጠርግ ኖራለች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ።

በየእሑዱ አብራው ትበላለች እኮ! ያለፈው እሑድ ዓሣ ቀቅሎ፣ ከነጉበቱ አቅርቦላት፣ እሱ ግን ጉበቱን በሹካ ገፋ አድርጎ ተወው። «ቅባት ከበደኝ» አለ። ክንዱን ሲያክ «የሬንጁ ነገር ነው» አለ። ሱሪው ሰፍቶት በገመድ አስሮታል። እሷም «ሥራ አበዛህ» ብላ ነገሩን አለፈችው። የእናቷ መብራት ከምግብ ጠረጴዛው በላይ ነው የተሰቀለው፤ ሽፋኑ ብርቱካንማ፣ ብርሃኑ የማር መልክ ያለው ነው። በዚያ መብራት ሥር ሁሉም ሰው ቢጫ ነው።

ለአባቷ ደወለች። አላነሳም። ደግማ ደወለች። ለሦስተኛ ጊዜም ደወለች። ጀልባው ቤት ውስጥ ስልክ የማንሳት ልማድ እንደሌለው ታውቃለች፤ ማወቋ ግን ምንም አልጠቀማትም። ካፖርቷን በአንድ እጅጌ ብቻ እንዳጠለቀች ወጣች።

እኩለ ቀን ነው። ሰማዩ ከተራሮቹ በላይ ትንሽ ገርጥቷል፣ ከዚህ በላይ አይነጋም። ድልድዩ ላይ በረዶው ተጠቅጥቆ መስተዋት ሆኗል፤ ከፊቷ አንድ የጭነት መኪና እንደ ኤሊ ይሄዳል። «ሂድ እንጂ! ሂድልኝ!» እያለች መሪውን በመዳፏ ትመታለች። መኪናውን ብታልፈው ባሕር ውስጥ እንደምትገባ ታውቃለች። ባታልፈው ደግሞ አባቷ መሬት ላይ ተዘርግቶ ይታያታል። እግዜርን ከጠራች ዓመታት ያለፏት ሴት፣ ያን ቀን ድልድዩን እስክታልፍ ስሙን ከአፏ አላወረደችም።

በጀልባው ቤት መስኮት መብራት ይታያል። የመላጊያ ድምፅ ግን የለም። በዚህ ሰዓት ድምፁ ሳይሰማ ቀርቶ አያውቅም። በሩን ገፋችው።

አርንልዮት በተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጦ፣ ክንዱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ግንባሩን ክንዱ ላይ አሳርፏል።

«አባዬ!»

ቀና አለ። «ምነው? ማን ሞተ?»

«ስልክ ለምን አታነሳም?»

«እጄ ሬንጅ ነው። ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምታለከልኪው?»

«ዓይንህ ቢጫ ነው። ተነስ፣ ሆስፒታል እንሂድ።»

«መብራቱ ነው» አለ፣ መላጊያውን እያነሳ።

«አይደለም።»

«ክረምት ነው፤ ሁሉም ሰው ቢጫ ነው። ሐኪም ቤት የገባ ሰው ሲወጣ አይቻለሁ፤ እናትሽም ወጥታለች፣ በሣጥን። ሂጂ ሥራሽን ሥሪ።»

መጮህ አማራት። ከዚህ ሰው ጋር ግን ጩኸት ዋጋ እንደሌለው ታውቃለች፤ የሰሜን ሰው ሲጮኹበት ጭራሽ ይደርቃል። ዙሪያዋን ስታይ ሼቲል ለቀረጻ የተወውን ትልቅ መብራት አየች፤ የቀን ብርሃን የሚያህል ጥርት ያለ ብርሃን ያለው ነው። አበራችው። የአባቷን መብራት አጠፋች። ከቦርሳዋ ነጭ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፣ እጇንም ወረቀቱ ላይ አኖረች።

«እጅህን ከእጄ አጠገብ አድርግ።»

«ልጅ ሆንሽ እንዴ?»

«ሳንቃ ቀጥ ማለቱን በዓይንህ አይተህ ታምናለህ?»

አርንልዮት ጎኑ ያለውን ሳንቃ አየ።

«አታምንም። ውሃ ልክ ታስቀምጥበታለህ። ይኸው የኔም ውሃ ልክ ይሄ ነው። እጅህን አምጣ።»

አርንልዮት መላጊያውን አስቀምጦ፣ ሬንጁን በሱሪው ጠርጎ፣ እጁን ከእጇ ጎን አደረገ። ወረቀቱ ነጭ ነው። የሷ እጅ ሮዝ ነው። የሱ እጅ ቢጫ ነው፣ ጥፍሩ ሥር ድረስ። ረጅም ጊዜ አየው። እንጨት ሥራ ሲያስተምራት «ልኩ አልገጠመም ካለ፣ እንጨቱን እንጂ ልኩን አትውቀሺ» ይላት ነበር። እጁን እሳት እንደነካው ሰው ከወረቀቱ ላይ አነሳው።

«ኮቴን አቀብዪኝ» አለ።

አባቷ ሲፈራ አይታ አታውቅም። የራሷን ፍርሃት ያባሰው ይህ ነበር።

ሆስፒታሉ ውስጥ የተቀበለቻቸው ወጣት ሐኪም የአርንልዮትን የዓይን ቆብ ዝቅ አድርጋ አየች፣ ሆዱን በጣቶቿ ተጫነች፣ ደም አስቀዳች። ወሬ አላበዛችም። ጣቷ የቀኝ ጎኑ ላይ ሲቆም ፊቷ ላይ የታየውን ነገር ቶርዲስ አልወደደችውም።

«የወፍ በሽታ የሚሉት ነው» አለች ሐኪሟ። «ከጉበት የሚወጣው ሐሞት መንገዱ ተዘግቶበታል። የዘጋው ጠጠር ከሆነ እናወጣዋለን፣ ቀላል ነው። ከቆሽት የበቀለ ነገር ከሆነ ግን...» ቃል መረጠች። «ያን ጊዜ ቀኑ ዋጋ አለው። ቶሎ የደረስንበትን ቆርጠን ማውጣት እንችላለን፤ የቆየውን አንችልም። ዛሬውኑ በማሽን እናየዋለን። ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሦስት አራት ቀን ይሆነዋል» አለ አርንልዮት።

«አባዬ።»

«እሺ፣ ሳምንት።»

«አባዬ፣ እኔ ጋ ምስሉ አለ።»

ሐኪሟ ብዕሯን እንደያዘች ሁለቱንም አየቻቸው። አርንልዮት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ በሆስፒታሉ ነጭ ብርሃን መዳፉን ያገላብጣል።

«ሽንቴ ቡና የመሰለው ከገና በፊት ነው» አለ በመጨረሻ። «ስላጭም በመስተዋት አየሁት። ዓይኔ ቢጫ ነበር። ፈራሁ፤ ለምን እዋሻለሁ፣ ሌሊት እንቅልፍ እስኪነሳኝ ፈራሁ። ሐኪም ቤት ልደውል ብዬ ቁጥሩን ሁሉ ጽፌ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልደወልክም?» አለች ቶርዲስ።

«ሐሙስ ሆነ። ቴሌቪዥኑን ከፈትኩ። እዚያ ደህና ነበርኩ። ፊቴ ደህና፣ ዓይኔም ነጭ። እንግዲያ የመታጠቢያ ቤቱ መብራት ነው አልኩ።» ቀና ብሎ አያት። በዓይኑ ቁጣ የለም፤ ቁጣ ቢኖር ይሻላት ነበር። «በየሳምንቱ መስተዋቱ ውስጥ እየባሰብኝ ሄደ፤ በየሐሙሱ ግን ድኜ አየሁ። እኔ የገዛ ዓይኔን አላምንም፤ ያንቺን ሥራ ግን አምናለሁ። ቶርዲስ የለካችው አይሳሳትም ብዬ ቁጥሩን ቀድጄ ጣልኩት።»

ቶርዲስ የአልጋውን ብረት ያዘች።

«ስንት ሐሙስ?» አለች ሐኪሟ ቀስ ብላ።

አርንልዮት በጣቱ መቁጠር ጀመረ። ቶርዲስ ግን ቁጥሩን ታውቀዋለች።

«አምስት» አለች።

ሐኪሟ ጻፈችው፤ ከዚያም የማሽኑን ክፍል ለመጥራት ስልኩን አነሳች።