ጧሪ ቀባሪ የሌላቸው

እናቴ ዕድሜዋን በሙሉ አንደኛ ክፍል ስታስተምር የኖረች ሴት ናት። አሁን ብዙ ነገር ከአእምሮዋ ወጥቷል፤ መምህርነቷ ግን አልወጣም። ጠዋት ጠዋት ከስፌት መኪናዬ ፊት ለፊት ቆማ «ጥፍርሽን አሳዪኝ» ትለኛለች። አሳያታለሁ። የመኪናው ዘይት ነክቶኝ ከተገኘ ጉድ ፈላ፤ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እንድቆም ይፈረድብኛል። እኔም እቆማለሁ። ሱሪ ለማሳጠር የመጣ ደንበኛ በር ላይ ሆኖ እያየኝ እንኳ ቆሜ አውቃለሁ። ምን ላድርግ፤ ከምትጮህብኝ ብቆም ይሻላል።

ልጇ መሆኔን ከረሳችው ቆይታለች። ደህና በዋለችበት ቀን ተማሪዋ ነኝ። ከከፋባት ደግሞ ቀሚሷን ልሰርቅ የገባሁ «ያቺ ሴትዮ» ነኝ፤ ለጎረቤቱም ለግድግዳውም ስሞታ የምታቀርበው በእኔ ላይ ነው። ይህን ሁሉ ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት የውሃውን ነገር ነው። ሳፋውን ይዤ ስቀርብ ልገድላት የመጣሁ ይመስላታል። ትቧጭረኛለች፣ ትነክሰኛለች፣ የሰው ያለህ ብላ ትጮሃለች። ድሮ ሻርፗ ላይ ትንሽ ነጥብ ካየች ከቤት የማትወጣ ሴት ነበረች። እንዲህ ሆና ስትሸት ማየት አንጀቴን ይበላዋል። ጌታ ሆይ፣ አንድ ሰው ላክልኝ ብዬ ጸለይኩ።

የላከልኝም መሰለኝ። በቤተ ክርስቲያናችን ዘማሪዋን የማያውቅ የለም። መድረክ ላይ ዓይኗን ጨፍና እጆቿን ስትዘረጋ ወንዱም ሴቱም ሶፍት ይፈልጋል። አንድ እሑድ ከፕሮግራም በኋላ ደረጃው ላይ ስታገኘኝ «ምነው ጠቆርሽ?» አለችኝ። እናቴን ማጠብ አቃተኝ ብዬ ነገርኳት፤ ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን፣ እንደምትነክሰኝም ጭምር። አቀፈችኝ። «አርብ እመጣለሁ» አለችኝ። ሰው እንዲህ ብሎ ሲቀር ብዙ አይቻለሁና አልጠበቅኳትም። እሷ ግን ከች አለች።

እጅጌዋን ሰብስባ እናቴ እግር ሥር ተንበረከከች። «እማማ፣ እንደምን ዋሉ?»

«የማን ልጅ ነሽ?» አለቻት እናቴ፣ በመምህር ዓይን እያየቻት።

«የእርስዎ።»

እናቴ ፈገግ አለች። እንዲያ ስትስቅ ካየኋት ዘመን የለውም። ዘማሪዋ ስልኳን መደርደሪያው ላይ ከስኳር ጣሳው ጋር አስደግፋ አቆመችው። «ዜማው እንዳይጠፋኝ ነው» አለችኝ። እኔ ምን አውቄ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «አንቺን ስታይ ትረበሻለች፤ ትንሽ ገለል በይልን» አለችኝ። ወደ ጓዳ ገባሁ። ማንጎራጎሯን ሰማሁ፤ ቀጥሎ የውሃ ድምፅ። ጩኸት አልነበረም። በመጋረጃው ቀዳዳ ሳይ እናቴ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ሳሙናው በጀርባዋ እየወረደ፣ ዜማውን አብራት ታንጎራጉራለች። ጓዳ ቁጭ ብዬ አፌን በሽርጤ አፍኜ አለቀስኩ፤ የደስታ ለቅሶ።

በየሳምንቱ አርብ መጣች። በየመንገዱ አወራሁላት፤ ክርስትና እንዲህ ነው፣ የሚዘምሩትን መኖር ነው እያልኩ ደንበኞቼን ሁሉ አሰለቸኋቸው። ምን እንደምሰጣት ቢጠፋኝ ቀሚስ ሰፋሁላት። የአንገቱን ጥልፍ በመኪና አላደረግኩትም፤ ለእሷ ብዬ በእጄ ጠለፍኩት።

ያንን ቀሚስ ለብሳ ነው እሑድ መድረክ ላይ የወጣችው። መጋቢው አዲስ አገልግሎት መጀመሩን ተናገሩ፤ አረጋውያን እናቶችን ቤት ለቤት መጎብኘት። «እህታችን ማንም ሳያያት በስውር ስታደርገው የቆየችውን ሥራ ዛሬ እናያለን» አሉ። መብራቱ ደበዘዘ። ስክሪኑ ላይ መጀመሪያ የመጣው ሳሙና የያዘ እጅ ነው። ቀጥሎ የእናቴ ጀርባ መጣ።

አጥንቷ የሚቆጠር፣ ራቁቱን የሆነ ጀርባዋ። አባቴ በሕይወት ሳለ እንኳ መብራት ካልጠፋ ልብሷን አትቀይርም እያለ ይቀልድባት ነበር። አሁን አዳራሽ ሙሉ ሰው ያየዋል። ከሥሩ ደግሞ በቢጫ ፊደል «ጧሪ ቀባሪ የሌላቸው እናት» የሚል ጽሑፍ አለ። አነበብኩት፤ አልገባኝም። ሌላ ሰው ይሆን እንዴ ብዬ ፊቷን ደግሜ አየሁ። እሷው ናት። የተቀመጠችበት ወንበር ትራስ እኔ የሰፋሁት ነው። ቤቱ የእኔ ነው፣ ሳፋው የእኔ ነው፤ እኔ ብቻ የለሁም። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት እንባዋን እየጠረገች ሶፍት አቀበለችኝ። «የዘንድሮ ልጅ እንዲህ ነው፤ ጥሎ ይሄዳል» አለችኝ። ሶፍቱን ተቀበልኳት።

ግቢው ውስጥ ሰው እየተጋፋ ያቅፋታል። ተራዬን ጠብቄ ቀረብኩ።

«አየሽ አይደል?» አለችኝ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «ስንት ሰው እንደተነካ አየሽ?»

«ጧሪ የላትም ብለሻል።»

«እሱማ እንዲሁ የሚባል ነገር ነው።»

«እኔስ ምንድን ነኝ?»

ወደ አጥሩ ወሰደችኝና ሁለት እጄን ያዘችኝ። «ስሚኝ እህቴ። አንቺን ብናስገባሽ ሰው አይነካም። ልጅ ላላት እናት ማን ያዝናል? ደግሞ የአንቺ ዋጋ በሰማይ ነው። ከሰው ምስጋና ፈልገሽ ነው እንዴ የምትጦሪያት?»

ቃሉ እውነት ነው፤ እኔም ብሆን ለሌላ ሰው የምናገረው ይህንኑ ነው። ታዲያ ያንቺስ ዋጋ ለምን ስክሪን ላይ ይከፈላል የሚለው መልስ የመጣልኝ ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ነው። እዚያ ግን የቻልኩት ይህን ብቻ ነው፦ «አጥፊው። የእናቴን ገላ አጥፊልኝ።»

«አሁንማ ሰው በየስልኩ ተቀባብሎታል፤ ከእጄ ወጥቷል።»

«እሺ፣ አርብ ነይ። ስልክሽን ቤትሽ ትተሽ ነይ።»

«ምን ነካሽ? እመጣለሁ እንጂ። እማማን እኮ እወዳቸዋለሁ» አለችና ጉንጬን ስማኝ ወደ ሰዎቹ ተመለሰች።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት ታላቅ ወንድሜ፣ ጋሼ የምንለው፣ ደወለ። ጋሼ ሩቅ አገር የጭነት መኪና ይነዳል፤ እናቴን መጥቶ የሚያይበት ጊዜ የለውም። በስልኩ ስክሪን ላይ ግን አይቷታል።

«እናቴን የአገር መሳቂያ አደረግሻት» አለኝ። «አንቺ የት ሄደሽ ነው ባዕድ የሚያጥባት?»

«ጋሼ፣ አታለለችኝ እኮ።»

«አይ፣ አንቺ ደክሞሽ ነው። ከደከመሽ ንገሪኝ፤ የምትገባበት ቦታ እፈልግላታለሁ።» ስልኩን ዘጋው። ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ያመንኳት ሴት አንድ ጊዜ ከሰረዘችኝ ሁሉም ሰው እንዲሁ እየተቀባበለ የሚሰርዘኝ መሰለኝ።

አርብ ውሃ አሞቅኩ። ቀዘቀዘ። መልሼ አሞቅኩ። በስተመጨረሻ የድምፅ መልእክት መጣ፦ «እህቴ፣ ይቅርታ፣ አገልግሎት ተደራረበብኝ። እማማን ሳሚልኝ። በጸሎት አብረን ነን።» በሚቀጥለው አርብ መልእክቱም ቀረ። በዚያው ሰሞን ደንበኛዬ በስልኳ አዲስ ቪዲዮ አሳየችኝ። ሌላ ቤት፣ ሌላ ሳፋ፣ ሌላ አሮጊት፤ ዜማው ያው ነው፣ ቀሚሱም የእኔው። «ምን ያለች መልአክ ናት» አለችኝ ደንበኛዬ። የያዝኩትን ሱሪ ከልኩ በላይ ቆረጥኩት።

የሚያንገበግበኝ ምን እንደሆነ ልናገር። ማታለሏ ብቻ አይደለም። እጇ የእውነት ለስላሳ ነበር። እናቴን በሐሰት እጅ መሸንገል አይቻልም፤ አእምሮዋ ቢሄድም ቆዳዋ አልሄደም። ታዲያ ያ ርኅራኄ ካለሽ፣ አንቺ ሴት፣ ካሜራው ሲጠፋ የት ታስቀምጪዋለሽ? ይህን ስጠይቅ አድራለሁ። ስጸልይም ቃል መሐል ላይ እያቆምኩ ራሴን እሰማለሁ፤ ማን እያየኝ ነው የማለቅሰው እያልኩ። ጸሎቴን እንኳ እንድጠረጥር አድርጋኛለች።

እናቴ ደግሞ በር በሩን ታያለች። «ያቺ ልጄ ዛሬም አልመጣችም?» ትለኛለች። ያቺ ልጄ። ትመጣለች እላታለሁ፤ ሌላ ምን ይባላል?

እናቴ ሳትታጠብ ሰነበተች። ብብቷ ሥር ቆዳዋ ቀላ፣ ከዚያ መላጥ ጀመረ። ሳፋውን ይዤ ብቀርብ ክንዴን ቧጭራ አደማችው። ካልታጠበች ይቆስላል፤ ከቆሰለ ጋሼ መጥቶ ይወስዳታል። ጓዳ ገብቼ እንደ መጀመሪያው ቀን ቁጭ አልኩ። ምን ማድረግ እንዳለብኝ አውቀዋለሁ፤ ላደርገው ግን እሬት እሬት አለኝ። ተነሣሁ። ፊቴን እንዳታየው በጓዳው በኩል ከኋላዋ መጥቼ ቆምኩ፤ የዘማሪዋን ዜማ ማንጎራጎር ጀመርኩ።

ድምፅ የለኝም። ሦስተኛው መስመር ላይ ሁልጊዜ ይሰበርብኛል። እናቴ ግን ትከሻዋን ጣል አደረገች።

«መጣሽ?»

እማዬ ልላት ነበር፤ ምላሴ ላይ ደርሷል። ዋጥኩት። «መጣሁ፣ እማማ» አልኳት። «እንደምን ዋሉ?» እናቴን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱ አልኳት።

«ቆየሽብኝ እኮ፣ ልጄ።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

ልብሷን አወለቅኩላት፤ እጇን ራሷ አነሣችልኝ። ውሃውን ቀስ አድርጌ አፈሰስኩት። ያን ጀርባ ሳሽ፣ ያን የተላጠ ቆዳ በጥጥ ሳደርቅ አንድ ጊዜ እንኳ አልተቆጣችኝም። ዜማውን እየረሳሁ ስደግመው አብራኝ አለችው። ለዚያች ሴት የሰጠችውን ፈገግታ በጎን አየሁት። ዞር በይና እዪኝ፣ እኔ ነኝ፣ ከማኅፀንሽ የወጣሁት እኔ ነኝ ልላት ፈለግሁ። ግን ገና ጸጉሯ አልታጠበም። ውሃውም እንዳይቀዘቅዝ ፈራሁ።

«ልጄ» አለችኝ፣ ሳሙናው ዓይኗ እንዳይገባ ጨፍና።

«አቤት፣ እማማ።»

«ተባረኪ። አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር? ማንም እኮ የለኝም።»

እጄ ቆመ። ከዚያ ጸጉሯን ማሸት ቀጠልኩ።

«ደግሞ ልንገርሽ» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሰው እንዳይሰማን። «እዚህ ቤት የምትመላለስ አንዲት ሴትዮ አለች። ክፉ ናት። ስትመጣ በሩን እንዳትከፍቺላት።»

ውሃውን በእጄ ለካሁት፤ ገና ሞቅ ያለ ነው። ግንባሯን በመዳፌ ጋርጄ አፈሰስኩላት።

«እሺ፣ እማማ» አልኳት። «አልከፍትላትም።»