ቀና ስትል ቀስ

«እንጨት እንዳታደርግበት!»

ባሏ ከተቀበረ ወዲህ ሴትየዋ ድምጿን ከፍ ስታደርግ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ሳሎኑን የሞላው ለቀስተኛ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ወደ እሷ ዞረ። እሷ ግን ማንንም አላየችም፤ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ ግቢው ውስጥ የቆመው ዋርሳዋ ላይ ነበር የምታፈጠው። የሟች ታናሽ ወንድም የአሮጌዋን መኪና ኮፈን በአንድ እጁ ከፍቶ፣ በሌላው የመጥረጊያ እንጨት ሊያስደግፍበት ይታገላል።

«እትዬ፣ ለአንድ አፍታ እኮ ነው! የባትሪዋን ገመድ ልሰርና ከግቢ ላውጣት፤ ሰው መቀመጫ አጣ።»

«ዝጋው ብያለሁ!»

ዘጋው። እሷም ተመልሳ ተቀመጠችና ሻርፗን አስተካከለች። ከጥግ አንዷ ጎረቤት ወደ ሌላዋ ጠጋ ብላ «ጣውንቷን ነው የምትጠብቀው» ስትል ሹክ አለቻት። ሟች መኪናዋን «አሮጊቷ» እያለ ሲያቆላምጣት ያልሰማ ስላልነበረ፣ ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስተው ሁለቱንም ሳቅ አመለጣቸው።

ልጅቷ አልሳቀችም። አባቷ ከሞተ ጀምሮ አላለቀሰችምም። ፔርሙዝ ይዛ ሻይ ትቀዳለች፣ ወንበር ትደረድራለች፣ «ያጽናሽ» ላላት ሁሉ «አሜን» ትላለች። ሴቶቹ «አንጀቷ ደርቆ ነው»፣ «የለም፣ ደንግጣ ነው» እያሉ ይከራከሩባታል። እውነቱን የምታውቀው ራሷ ብቻ ነች፤ አባቷን ተቀይማዋለች። ሰው የተቀየመውን እንዴት አድርጎ ነው የሚያለቅስለት? እሱም አድብቶ እንደሚወጣ እንግዳ ሳይታረቃት ሄደ። ቂሙ ደግሞ ከዚያው ኮፈን የመጣ ነበር።

አባቷ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ጭንቅላት ላይ ሲያጎነብስ ይሰነብትና፣ ሱቁን በሚዘጋበት ቀን ካባቱ የወረሳት መኪና ሞተር ላይ ያጎነብሳል። እጅጌውን ጠቅልሎ «ማነሽ፣ ነይ ያዢልኝ!» ሲል እናቷ የጀመረችውን ሽንኩርት ጥላ ትወጣለች። የዚያች መኪና ኮፈን እንደ ዛሬዎቹ ስስ ቆርቆሮ አይደለም፤ የጉድ ብረት ነው። መደገፊያ የለውም። እናቷ እግሯን ከፈት አድርጋ ትቆምና ጥጉን ሳይሆን መሀሉን በሁለት እጇ ትይዛለች፤ ነፋስ ከተነሳም በጀርባዋ ትከልላለች። እሱ ሥራውን ጨርሶ ሊወጣ ሲል ሁልጊዜ «ቀና ስትል ቀስ» ትለዋለች። ልጅቷ በወጥ ቤቱ መስኮት ስታይ የሚታያት ጭንቅላት የሌለው የአባቷ ጀርባና ወደ ላይ የተሰቀሉ የእናቷ ክንዶች ብቻ ነበሩ።

እያደር የእናቷ ቀኝ ትከሻ ታመመ። ልጅቷ መድኃኒት ቤት ሥራ ስትይዝ መጀመሪያ ወደ ቤት ያመጣችው የትከሻ ቅባት ነው።

«አባዬ፣ አንዲት ዘንግ ማስበየድ እንዲህ ከበደህ?»

«እንጨት ይከዳል፣ ብረት ይዝጋል» አላት እየሳቀ። «እናትሽ ግን አትከዳም።»

ማር የተቀባ ስስት ነው አለች በሆዷ። በመጨረሻም ራሷ ብየዳ ቤት ሄዳ፣ ልኩን አስለክታ፣ ጫፉ ቆልመም ያለ ሸጋ መደገፊያ አሠርታ አመጣችለት። ተቀበላት፤ አገላብጦ አየው፤ «እጅሽ ይባረክ» አላት። ከዚያ በር ኋላ ሰቀለውና ኮቱን አንጠለጠለበት። በሌላ ጊዜ ስትመጣ እናቷ እንደ ልማዷ ክንዷን ሰቅላ ቆማለች። ተኳረፉ ባይባልም፣ ከዚያን ቀን ወዲህ የአባትና የልጅ ጨዋታ ለዛ አጣ።

«አሁን እኔን ማን ይቆርጠኛል?» አለ የሰፈሩ ልብስ ሰፊ፣ ብርጭቆውን ሊያስሞላ ወደ ልጅቷ እየዘረጋ። ያደገ ፀጉሩን በመዳፉ ደባበሰ። «ያ አናቱ ላይ ያለው ጠባሳ ትዝ ይልሻል? ‹ሰው ቆራጩን ደግሞ ማን ፈነከተው?› ስንለው አንቺን ነበር የሚጠቁመን።»

«ትዝ ይለኛል።»

«‹መቼ ፈነከትኩህ?› ስትዪው፣ ‹ገና ሳትወለጂ!›» ልብስ ሰፊው ብቻውን ሳቀ፤ ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረና ፊቱን በመሀረብ ሸፈነ። ልጅቷ ሻዩን ሞላችለት።

ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው በረከተ። ቤት ውስጥ ቦታ ያጡት ፀሐይ ላይ ቆሙ፤ አሮጊቷ ግን ግቢውን ዘግታ እንደ ተኮሳተረች አማት ተጎልታለች። አጎትየው እንጨቱን ይዞ ዳግም ብቅ ሲል የልጅቷ ትዕግሥት አለቀ። ወደ በሩ ሄዳ የአባቷን ኮት አነሳችና ብረቱን ከመስቀያው አወረደችው።

«እንካ አጎቴ፣ በዚህ ደግፈው። ለዚሁ የተሠራ ነው።»

እናቷ ከመቀመጫዋ ተነሳች። «አሮጊቷ ትውጣ፤ እኔም ሰው ፀሐይ እንዲመታው አልፈልግም» አለች በቀስታ። «የምንከፍታት ግን እኛ ነን። ብረቱን መልሽና ነይ።»

ግቢው ውስጥ የቆሙት ገለል አሉላቸው። እናትየው ኮፈኑን ከፍታ መሀሉን ያዘች።

«ግቢና ገመዱን እሰሪ።»

«እማዬ፣ ትከሻሽ እኮ…»

«ግቢ አልኩሽ።»

መፍቻውን ይዛ አጎነበሰች። ከሥር የዘይትና የቤንዚን ሽታ ተቀበላት፤ የአባቷ እጅ ሽታ። ተናደደች።

«ያን ብረት አንድ ቀን እንኳ አልሞከረውም።»

«የአሮጊቷ የራሷስ ብረት መች ጠፋና? የወጥ ቤቱ መጋረጃ በምን የተሰቀለ መሰለሽ?»

ልጅቷ አንገቷን አዙራ አየች። መስኮቱ ላይ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው ጫፉ የተቆለመመ ዘንግ መጋረጃውን ተሸክሟል።

«ስንጋባ መስቀያ አልነበረንም» አለች እናቷ። «‹ለዛሬ ይሁን› ብሎ ከዚህ ነቅሎ ሰቀለልኝ። በማግስቱ ኮፈኑን የሚይዝለት አጣና ጠራኝ። ያን ጊዜ ቤቱ ጢም ብሎ ነበር፤ አማቴ፣ ሁለት ዋርሶቼ። ይሄ አጎትሽማ እግራችን ሥር ነበር የሚተኛው። ባልና ሚስት ሆነን የልባችንን የምናወራበት አጥተን ነበር ብልሽ ታምኚኛለሽ? እዚህ ሥር ስንሆን ግን ማንም አይሰማንም። የተጣላነውም የታረቅነውም እዚሁ ነው።»

«እነሱ ወጡ እኮ። ቤቱ ባዶ ሆነ።»

«ሆነ። ግን ለመደብን። አንቺ ብረቱን ያመጣሽ ዕለት ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ልጅቷ ልታፋታን ነው!› ብረቱን ቢያስገባ እኔን ምን ብሎ ይጠራኛል?»

«ታዲያ ለምን አትነግሩኝም?»

«ምን ብለን? አባትና እናትሽ ኮፈን ሥር ነው የምንሽኮረመመው እንበልሽ?»

ልጅቷ ሳትወድ በግድ ፈገግ አለች። ገመዱን ባትሪው ላይ አስገብታ ማጥበቅ ጀመረች።

«አንቺንም የነገርኩት እዚሁ ነው» አለች እናቷ።

«እኔን?»

«አርግዣለሁ አልኩት። ልክ አሁን እንዳንቺ አጎንብሶ ነበር። ዘሎ ቀና ሲል ያ መቆለፊያው አናቱን ፈነከተው። ደሙ በግንባሩ ይወርዳል፣ እሱ ይስቃል። አማቴ ከቤት ወጥታ ‹ልጄን ምን አደረግሽው?› ብላ ጮኸችብኝ። ‹ቀና ስትል ቀስ› ማለት የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው።»

መፍቻው የልጅቷ እጅ ላይ ቆመ። «ገና ሳትወለጂ!» ያን ሁሉ ዘመን፣ በደንበኛ ሁሉ ፊት፣ እየሳቀ ሲነግራት ኖሯል።

«አባዬ» አለች። መፍቻው አምልጧት ሞተሩ መሀል ገብቶ ጠፋ። ስታፍነው የሰነበተችው ለቅሶ ወጣ። አጎትየው ሊያግዛቸው መጥቶ ድምፁን ሲሰማ ባለበት ቀረ።

ልጅቷ ትንፋሽ አጥሯት ከሥር ልትወጣ ስትል፣ እናቷ ኮፈኑን በታመመው ትከሻዋ ተሸከመችው። የተለቀቀ መዳፏንም በልጇ አናትና በመቆለፊያው መሀል አስገባች።

«ቀና ስትዪ ቀስ፣ ልጄ።»