ከበበው በዋናው መንገድ አለፈ

ያን ዕለት ጠዋት ተክለወልድን ያሳሰበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሬሳ ሳጥኑን የሚሸከም ሰው ማግኘት።

ሟቹ ከበበው ይባላል። ከወሎ መጥቶ፣ ወደ የመን የሚያሻግረው ጀልባ እስኪገኝ በጅቡቲ ማዕከላዊ ገበያ ሸክም እየተሸከመ የሚኖር ጎልማሳ ነበር። ፀጉሩን የሚቆረጠው ካርቲየ 1 በሚባለው ሰፈር፣ ተክለወልድ ፀጉር ቤት ነው፤ ሌላ ዝምድና አልነበራቸውም። ማክሰኞ ዕለት ፖሊሶች ገበያውን ከበው፣ መልኩ ሐበሻ የመሰላቸውን ሁሉ «ፓፒዬ! ወረቀት!» እያሉ ማፈስ ጀመሩ። ከበበው ወረቀት የለውም። ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቶ ቆመ። አንደኛው ፖሊስ ግን ጭንቅላቱን በዱላ መታው፤ ከወደቀም በኋላ አልተወውም። ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ።

ተክለወልድ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነው፤ እዚያው ጅቡቲ ተወልዶ እዚያው አርጅቷል። ሶማልኛውም፣ ዐረብኛውም፣ ፈረንሳይኛውም አፉ ላይ ነው። ሆኖም ፖሊስ ሲያይ መንገድ ይቀይራል፤ ይህን ከአባቱ ነው የወረሰው። «እኛ እዚህ ድምፃችንን የምናሰማ ሰዎች አይደለንም» ይሉት ነበር አባቱ። ስለዚህ ለቄሱ ለአባ ጸሐዬ፣ «አባቴ፣ በጠዋት ድምፅ ሳናሰማ እንቅበረው» አላቸው።

ፍትሐቱ አልቆ የቤተ ክርስቲያኑ በር ሲከፈት ግን ባለበት ደርቆ ቀረ።

መንገዱ በሰው ተሞልቷል። የሶማሌ እናቶች፣ ሽርጥ የታጠቁ አፋሮች፣ ዓሣ ሻጮቹ የመኖች፣ ጠረጴዛቸውን ጥለው የመጡ ጫት ነጋዴዎች፣ ከነሥራ ልብሳቸው የወደብ ሠራተኞች። ጫፉ አይታይም። ያ ሁሉ ሰው ደግሞ ዝም ብሎ ቆሟል።

ገበያ ውስጥ ሎሚ የምትሸጠው ሀጀራ ሰዉን ሰንጥቃ መጣች።

«ተክሌ፣ በየት ልትወስዱት ነው?»

«በጓሮ በኩል።»

«ምን አጥፍቶ ነው በጓሮ የሚሄደው? ዓይኔ እያየ ነው የገደሉት! በዋናው መንገድ፣ በፖሊስ ጣቢያው ደጃፍ ያልፋል።»

«ሀጀራ፣ ያስሩሻል እኮ።»

«ይሰሩኛ!»

ሳጥኑ ተነሣ። ተክለወልድ ገና ብዙ ሳይራመድ አንድ የወደብ ሠራተኛ ትከሻውን ነካ አድርጎ፣ «አባባ፣ ለእኛም አካፍለን» ብሎ ተቀበለው። ከዚያ ሳጥኑ ከትከሻ ትከሻ ሲሻገር በዓይኑ ብቻ ተከተለው። ፊት ፊት አባ ጸሐዬ ያዜማሉ፤ ከሳጥኑ ሥር የገባው ሁሉ ደግሞ «ቢስሚላሂ» እያለ ይቀበላል። ተክለወልድ በዕድሜው ሁለቱን ድምፅ እንዲህ ባንድነት ሰምቶ አያውቅም።

ጣቢያው ደጃፍ ፖሊሶች ጋሻ ይዘው መንገዱን ዘግተዋል። «ተመለሱ!» አለ አለቃቸው። ድንጋይ ያነሳ አልነበረም። ሀጀራ ከሳጥኑ ፊት ወጥታ ሁለት እጇን ልክ እንደ ከበበው ወደ ላይ አነሳች። ከኋላዋ ያሉት ሴቶች አነሱ፤ ከእነሱ ኋላ ያሉትም። ተክለወልድ ዞር ቢል እስከ መንገዱ መጨረሻ ድረስ የሚታየው እጅ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ወደ ጓሮው መንገድ ተመለከተ። ከዚያ የራሱን እጆች አነሳ።

አለቃው ቆሞ አያቸው። ከዚያ ለፖሊሶቹ በእጁ ምልክት ሰጠ፤ ጋሻዎቹ ወደ ግራና ቀኝ ተከፈሉ። ከበበው አለፈ።

ያን ዕለት ማታ በሌሎቹ የጅቡቲ ከተሞች፣ በአሊ ሳቢህም በዲኪልም ሕዝብ መውጣቱ ተሰማ። ሳምንቱ ሳያልቅ ገዳዩ ፖሊስ ታሰረ። አፈሳው ጨርሶ ባይቆምም ዱላው ቀነሰ፤ ፖሊሶቹ ሀጀራ ወዳለችበት ሲደርሱ አንገታቸውን ይደፋሉ።

ተክለወልድ ወሎ ስልክ ደውሎ የከበበውን እናት ወይዘሮ አበሩን አገኛቸው። አልቅሰው አልቅሰው ሲያበቁ፣

«ልጄን ማን አፈር አለበሰው?» አሉት።

«ከተማው ነው፣ እማማ።»

«ክርስቲያኖች ናቸው?»

«አብዛኞቹ አይደሉም።»

«ያውቁት ኖሯል?»

«አያውቁትም።»

«ታዲያ ምን ብለው ወጡ፣ ልጄ?»

ያ ሁሉ እጅ ተክለወልድ ዓይን ላይ መጣ። «እኔም እስካሁን እየገረመኝ ነው፣ እማማ» አላቸው።