የካርቱኑ አባት

አባትየው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በባቡር ጣቢያ ድምፅ ማጉያ የሚያስታውቁ ሰው ነበሩ። "ከሐዲዱ ራቅ በሉ" ሲሉ ነፍስ ያወቀ ሁሉ ወደ ኋላ ይል ነበር። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ያ ድምፅ የቀረው ለእናትየውና ለአንዲት ሴት ልጃቸው ነው። ሁለቱም ግን ሐዲድ ላይ አልቆሙም።

በቤቱ የማይሻር ሕግ ነበር፤ ራት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ አብሮ ይበላል። ስልክ ጠረጴዛ ላይ አይወጣም፣ ያመሸ ይቅርታ ይጠይቃል። ልጅቷ "ሥራ ይዞኝ ነው" ስትል "ሥራ የሚይዘው ሰነፍን ነው" ይሏታል። ይህን ስትሰማ ኖራ ኖራ ቤት ተከራይታ ወጣች። አባትየው ለጎረቤት "ለሥራዋ እንዲቀርባት እኔ ነኝ የመከርኳት" እያሉ አወሩ።

ሥራዋ አኒሜሽን ስቱዲዮ ውስጥ ስክሪፕት መጻፍ ነው። ስለ አንድ ቤተሰብ የሚያስቅ ተከታታይ የካርቱን ፊልም ይሠራሉ። በፊልሙ ውስጥ ያለው አባት ቅንድቡ ከእሱ ቀድሞ በር የሚገባ፣ ዘመን ያመጣውን ሁሉ የሚኮንን ሰው ነው። ልጅቷ ንግግሩን ከየት እንደምታመጣው ማንም አልጠየቃትም፤ ቢጠይቋትም አትናገርም ነበር።

የካርቱኑ አባት ድምፅ የነበረው ተዋናይ ሌላ ሥራ አግኝቶ ጥሏቸው በሄደ ሳምንት፣ አባትየው ልጃቸው ረስታው የሄደችውን ጃኬት ይዘው ስቱዲዮው ድረስ መጡ። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለው ጎረምሳ ከስልኩ ቀና ሳይል "ይቀመጡ" አላቸው።

"ልጄ፣ ሰው ሲመጣ መነሳት ቢያቅትህ እንኳ ዓይንህን አንሳ እንጂ" አሉት።

የፊልሙ ዳይሬክተር ከሦስተኛው ክፍል ሰምታ እየሮጠች ወጣች። "ይሄ ድምፅ የማን ነው?" አለች። ልጅቷ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። መሬት ግን እንደ ልማዷ ዝም አለች።

ዳይሬክተሯ የካርቱኑን አባት ድምፅ እንዲሆኑላት ለመነቻቸው። አባትየው ስክሪፕቱን መነጽራቸውን አድርገው ከዳር እስከ ዳር አነበቡ። አንዴም አልሳቁም።

"ይሄ ሰው ጨዋ ነው። ማነው የጻፈው?"

"እኔ ነኝ አባዬ።"

"እሰይ። ምክሬ መሬት አልወደቀም።"

ማይክሮፎኑ ፊት ቆመው ከልባቸው ተናገሩት፤ "ብቻህን ከበላህ ሆድህን ሞላህ እንጂ ራት አልበላህም!" ከመስታወቱ ጀርባ ያሉት ባለሙያዎች ሆዳቸውን ይዘው ዕንባቸውን ይጠርጋሉ። አባትየው ዕንባውን አይተው ልባቸው ተነካ። "የዘመኑ ልጆች ወላጅ ርቧቸዋል" አሉ፣ ማታ ለእናትየው።

ፊልሙ አገር ምድሩን አዳረሰ። ቀረጻው ወደ ምሽት ዞረ፣ ቃለ መጠይቁ በላዩ ተጨመረ። ስቱዲዮው የሰጣቸው ስልክ ጠረጴዛ ላይ መጮህ ጀመረ። መንገድ ላይ ወላጆች እያስቆሙ "እስቲ ለዚህ ልጅ አንድ ምክር" ይሏቸዋል፤ እሳቸውም ይመክራሉ፣ ራቱም ይቀዘቅዛል። እናትየው መጀመሪያ አካባቢ እየጠበቁ ያሞቁ ነበር። በኋላ ጠየቁ።

"ዛሬስ ምን ሆነህ ነው?"

"ሥራ ይዞኝ ነው።"

"ሥራ የሚይዘው ማንን ነበር?" አሉና ሳህኑን አንስተው ሄዱ።

አንድ ቀን የስቱዲዮው መብራት ተቋርጦ አባትየው በጊዜ ገቡ። ቤት ውስጥ ሰው የለም። ወጥ ቤት ገብተው ድስቱን ፈለጉ፤ ታጥቦ ተደፍቷል። ደወሉ። እናትየው ቶሎ አላነሱም።

"የት ነሽ?"

"ዋና እየተማርኩ ነዋ። ከጎረቤቴ ጋር ከጀመርን ቆየን፤ ነግሬህ ነበር። ስልክ ላይ ነበርክ።"

ዳቦ ቆርጠው ቴሌቪዥኑን ከፈቱ። የካርቱኑ አባት ቆሟል። "ብቻህን ከበላህ" እያለ በራሳቸው ድምፅ ጮኸባቸው። ያን ጊዜ ፊቱን ትኩር ብለው አዩት። ቅንድቡን አወቁት። የያዙትን ዳቦ ሳህኑ ላይ መለሱት።

በማግሥቱ ልጃቸውን ኮሪደር ላይ አገኟት።

"ይሄ ሰውዬ እኔ ነኝ?"

ልጅቷ መሬት መሬት አየች። "ትንሽ።"

"ሰው የሚስቀውስ በእሱ ነው?"

"ይስቅበታል። ይወደዋልም።"

"ሁለቱን አንድ ላይ?"

"እኔስ ሁለቱን አንድ ላይ ሳደርግ ስንት ዓመቴ፣ አባዬ።"

ከዚያው ወደ ዳይሬክተሯ ገቡ። የካርቱኑ አባት አንድ ቀን አምሽቶ ይምጣና ሚስቱን ይቅርታ ይጠይቅ አሉ። ፀጉሯን ግማሹን ሰማያዊ የቀባችው፣ ጫማ አውልቃ ስብሰባ የምትመራው ዳይሬክተር ደነገጠች።

"አባባ፣ እሱማ አይሆንም። ባህላችን ነው እኮ። ሰውዬው ከተለወጠ ማን ያየናል?"

"እንግዲያው እሱ እንዳለ ይኑር። እኔን ግን ጠዋት ቅረጹኝ፤ ማታ ቤቴ ነኝ።"

እሺ ተባሉ። ነገር ግን በጊዜ ቤት መግባት ብቻውን አልበቃም፤ እናትየው ዋናውን ሊያቆሙ አልፈለጉም። "ከራበህ ብላ" አሏቸው። አባትየው አልበሉም፤ ጠበቁ። ራት ወደ ሦስት ሰዓት ተገፋ። ሦስት ሰዓት ደግሞ ለልጅቷ ተመቻት፤ ከሥራ ስትወጣ እግረ መንገዷን ጎራ ማለት ለመደች። ቤተሰቡ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ የካርቱኑ አባት ቢሰማ ጉድ በሚልበት ሰዓት፣ ሙሉ ሆኖ ተቀመጠ።

አንድ ምሽት እናትየው ከነእርጥብ ፀጉራቸው ገብተው ወንበር ሳቡ።

"ዛሬ ጥልቁ ውሃ ጋ ገባሁ" አሉ።

"ብቻሽን?" አሉ አባትየው።

"ብቻዬን።"

አባትየው ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። ልጅቷ ማንኪያዋን አቁማ ጠበቀች፤ ለሚቀጥለው ክፍል የሚሆን ነገር መስሏት ነበር። እሳቸው ግን ሾርባውን ወደ እናትየው ገፋ አደረጉና "ሳይበርድ ጠጪ" ብቻ አሉ።