የሄንድሪክ ደብተር

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ሄንድሪክ ወደ መንደራችን ሲመጣ ሁለቱንም አሟልቶ ነው የመጣው፤ ሞኙ ራሱ፣ ወረቀቱ ኪሱ ውስጥ።

ሰውየው ሆላንዳዊ ነው። እኛ ግን እንግሊዙ እንለዋለን፤ ከፈረንሳይ ወዲያ የመጣ ሁሉ ለኛ እንግሊዝ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ "እኔ እንግሊዝ አይደለሁም" እያለ ሲያስረዳ ኖረ፤ ማን ሰምቶት። ቄሱን ሳይቀር አንተ ይላል። ሬሜ በምታስተዳድረው መጠጥ ቤት ጥጉ ላይ ይቀመጥና፣ ገበያ ላይ በሬ እንደሚመርጥ ሰው አንድ በአንድ ያየናል፤ ከዚያ ያቺን ሰማያዊ ደብተሩን ያወጣል። ለምን ሁለት ጊዜ ትሳሳማላችሁ? ለምን ሁላችሁም ባንዴ ታወራላችሁ? ምሳ ከተበላ በኋላ ለምን ሁለት ሰዓት ቁጭ ትላላችሁ? እኔ ስድሳ ስምንት ዓመት ስኖር ለምን እንደምስም አስቤ አላውቅም። ሰው ሲመጣ ጉንጬን እሰጣለሁ፣ አለቀ።

አንድ ቀን ስንለያይ "እንግዲህ አንድ ቀን እቤት መጥተህ ትበላለህ" አልኩት። ይህን ሐረግ በሕይወቴ ሺህ ጊዜ ብያለሁ፤ ሺህ ጊዜም ተብያለሁ፤ ማንም መጥቶ አያውቅም። እንግሊዙ ግን በማግስቱ እሑድ፣ ገና በሰባት ሰዓት፣ በሬን አንኳኳ። ምሳ የምንበላው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ባለቤቴ ፊሎሜና ፀጉሯን በቢጎዲን እንደጠቀለለች ከፈተችለት። በእጁ አበባ ከነማሰሮው ይዟል፤ ያውም በኅዳር መባቻ ለሙታን የምንወስደውን ነጩን አበባ።

"ማን ሞተ?" አለችው።

"ማንም" አለ እየሳቀ። "ላንቺ ነው።"

ፊሎሜና አማተበች። ቢሆንም ሩዝ በጥንቸል አበላችው፤ ሦስት ጊዜ ጨመረ፤ ከዚያ ደብተሩን አውጥቶ ስለ አበባው ጠየቀና ጻፈ። ይህን ታሪክ መጠጥ ቤት ውስጥ ስንት ጊዜ እንዳወራሁት አልቆጠርኩም። ባወራሁት ቁጥር አበባው ይተልቃል፣ ሰውየውም ይቂላል።

የገዛው ቤት ከወንድሜ ከቤኒግኖ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። ስለ ቤኒግኖ ማንም እፊቴ አያነሳም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳንነጋገር ኖረናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ አገር ሰው ሲቀበር ወንዶች ቅዳሴ አንገባም፤ ውጭ አደባባዩ ላይ እናጨሳለን። ቅዳሴው ሲያበቃ የሟች ወንድ ዘመዶች መሠዊያው ፊት በረድፍ ይቆማሉ፤ እኛም ገብተን አንድ በአንድ በፊታቸው እናልፋለን፣ ጭንቅላታችንን ዝቅ አድርገን። ቃል አይነገርም፣ እጅ አይጨበጥም። እናታችን የሞተችው በጥር፣ በወይራ ለቀማ መሐል ነበር። ቤኒግኖ ወሬው ዘግይቶ ደርሶት ከማሳ ሮጦ መጣ፤ ቦት ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው። ረድፉ ላይ አጠገቤ ሊቆም ሲል፣ "አሳማ ነህ እንዴ? ሂድና እግርህን ታጠብ" አልኩት። ቃል በማይነገርበት ቦታ፣ መንደሩ ሁሉ እየሰማ። አንዴ አየኝና ወጣ። ዱካው ከመሠዊያው እስከ በሩ ድረስ ወለሉ ላይ ቀረ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ለማሸት አልሞከርኩም። እሱ ነው መምጣት ያለበት አልኩ፤ ታናሹ እሱ ነው።

ባለፈው ታኅሣሥ እንግሊዙ ሬሜ ቤት እኔ ወዳለሁበት ጠረጴዛ መጣ። ደብተሩ ተከፍቷል።

"ኤውሎጂዮ፣ ሟቹ ልጅ ከሌለው ረድፉ ላይ ማን ይቆማል?"

"ወንድሙ።"

"ወንድሙ ካልመጣስ?"

ካርታ የሚጫወቱት ሰዎች እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ሬሜ ብርጭቆ መወልወሏን አቆመች። ደሜ ፈላ፤ ይሄ አይብ በሊታ ለደብተሩ ማጣፈጫ የኔን ቁስል ይነካካል?

"ካልመጣማ፣ ከማዕዱ የበላ ማንኛውም ውሻ ይቁም" አልኩት።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ ይጽፋል።

"ውሻ የሚለውንም ልጻፈው?" አለ።

"እሱን በትልቁ ጻፈው!" አለ አንዱ ከካርታ ተጫዋቾቹ።

እንግሊዙ ሒሳቡን ከፍሎ ሲወጣ ሬሜ ወደኔ ጠጋ አለች።

"ለምን እንደጠየቀህ ገብቶሃል ጋሼ?"

"ደብተሩን ሊሞላ ነዋ።"

"ቤኒግኖ ታሟል እኮ። ሆስፒታል የሚያመላልሰው እንግሊዙ ነው።"

"እንግዲያው ሹፌርነት ያምርበታል" አልኳት።

ቤኒግኖ መታመሙን ቀድሜም አውቅ ነበር። መንደራችን ውስጥ ሰው ሲያስነጥስ ማዶ ሰፈር ይማርህ ይሉታል፤ እንዴት አላውቅም?

በጥር ሞተ። ሚስቱ ቀድማዋለች፤ ልጅ አልነበራቸውም። በቀብሩ ቀን ጠዋት ወደ ወይራው ልወጣ ስል ፊሎሜና በሩ ላይ ቆመች።

"ረድፉ ላይ ትቆማለህ?"

"እንደማንኛውም ሰው አደባባዩ ላይ እቆማለሁ።"

"አንተ ማንኛውም ሰው ነህ?"

በጎኗ አልፌ ወጣሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ወይራ አራገፍኩና በለበስኩት ልብስ፣ በዚያው ቦት ጫማ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወረድኩ። ልብስ ያልቀየርኩት ጠፍቶኝ አይደለም፤ ለቤኒግኖ ብሎ ለበሰ እንዳይሉኝ ነው። እውነቱን ልናገር፤ ረድፉ ባዶ እንዲሆን ፈልጌ ነበር። ሰው የሌለበት ረድፍ ፊት አይታለፍም። ሁሉም ተበትኖ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ እኔንም የሚያይ ዓይን አይኖርም።

ደወሉ ተደወለ፤ ሲጋራችንን ረግጠን ገባን። ረድፉ ባዶ አልነበረም። እንግሊዙ ብቻውን ቆሟል፤ ጥቁር ሱፍ ለብሷል፣ እጅጌው አጥሮታል፣ ጫማው ያንጸባርቃል። የቆመውም እንደ ደንቡ ከመሠዊያው ጫፍ ጀምሮ አልነበረም፤ የአንድ ሰው ቦታ ዘልሎ ነው። እስቲ እዩት፣ ሦስት ዓመት ጽፎ መቆሚያውን እንኳ አያውቅም አልኩ በልቤ። ንቀቴን ይዤ ተሰለፍኩ፤ ከሱ ሌላ የምይዘው አልነበረኝም።

ከፊቴ ያሉት ማለፍ ጀመሩ። ዳቦ ጋጋሪው ጭንቅላቱን ዝቅ አደረገለት። ካርታ ተጫዋቾቹ፣ በውሻው ቀልድ እንባቸው እስኪወርድ የሳቁት፣ ተራ በተራ ዝቅ አሉለት። አንድም ሰው አልሳቀም። ለወንድሜ ሞት መንደሬ ሆላንዳዊ ሲያስተዛዝን ቆሜ አየሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ ያቆምኩት እኔው ነኝ።

ተራዬ ደረሰ። እንግሊዙ አየኝ፤ ከዚያ አጠገቡ ያለውን ባዶ ቦታ አየ፤ እንደገና እኔን አየ። ፊሎሜና ከሴቶቹ ወንበር ዓይኗን አልነቀለችም። ጭኗ ላይ ነጭ አበባ ይዛለች፤ ያ የማሰሮው አበባ ጓሯችን ውስጥ ተተክሎ እንደነበር እንኳ አላውቅም ነበር። ሁለት እርምጃ ብራመድ ይበቃ ነበር። ወደ ታች ሳይ ቦት ጫማዬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ጭቃ ነው። በዚህ እግር እዚያ ልቁም? ኋላዬ ያለው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

ለእንግሊዙ ጭንቅላቴን ዝቅ አድርጌ አለፍኩ።

አደባባዩ ላይ ሲጋራ ለመለኮስ ስታገል መጣ። አጠገቤ ቆመ።

"ኤውሎጂዮ፣ ያጠፋሁት ነገር አለ?"

"መቆሚያህን ስተሃል" አልኩት። "ከጫፍ ነው የሚጀመረው። የአንድ ሰው ቦታ ባዶ አስቀርተሃል።"

"እሱን አውቃለሁ" አለ። "ቤኒግኖ ነው ያለኝ። 'ወንድሜ ይመጣል፣ እስኪመጣ ግን ብቻዬን አታድርገኝ፤ የመጀመሪያውን ቦታ ለሱ ተውለት' አለኝ። እንዲያውም፣ 'ከወይራ ማሳ እንደወጣ ቢመጣ እንኳ ምንም እንዳትለው' አለኝ።"

ክብሪቱ ጣቴ ላይ ነደደ። እሱ ከኪሱ ያቺን ሰማያዊ ደብተር አወጣ። ሊያሾፍብኝ ፈልጎ አይደለም፤ ማሾፍ የሚችል ሰው አይደለም፤ በሦስት ዓመት ያላስተማርነው እሱን ብቻ ነው።

"አንተ ስትመጣ ቦታህ ትገባለህ ብዬ ነበር" አለ። "ጭንቅላትህን ዝቅ አድርገህ ስታልፍ ግን የማላውቀው ደንብ ያለ መሰለኝ። ወንድም ለወንድሙ እንዲህ የሚያደርገው መቼ ነው? ምን ብዬ ልጻፈው?"

እስክሪብቶውን ይዞ ጠበቀኝ። የሬሳ ሳጥኑን ከቤተ ክርስቲያኑ ይዘው ወጡ፤ ከተሸካሚዎቹ አንዱ በእጁ ና ብሎ ጠራው። ደብተሩን ዘግቶ ሄደና ትከሻውን ከሳጥኑ ሥር አስገባ። እኔ የጠፋውን ክብሪት ይዤ እዚያው ቀረሁ።